ጠመንጃው ርካሽ፣ ጥይቱ ውድ

የደባርቅና የዳባት የገብስ፣ የባቄላና የስንዴ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል። የቡናውን ነገር ደግሞ ነገ እመለስበታለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ሌላ ሸቀጥ ነው፤ ስለ ጥይት። «ይሄ የእህል ቻናል አይደለም እንዴ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ታገሱኝ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ገብስ ላይ ነው የሚመጣው።

ባለፈው የገበያ ቀን አጎቴ መጋዘን መጡ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ያርሳሉ። ከጥር ጀምሮ 8 ኩንታል ገብስ እኔ ጋ አስቀምጠዋል። ዋጋው እስኪነሳ እንጠብቅ ያልነው ተማክረን ነው። ያን ቀን ግን ቡና እንኳን ሳይቀምሱ፣ ከበሩ ላይ ቆመው፣

«ገብሱን ሽጠው» አሉኝ።

«አሁን? ጋሼ፣ ክረምቱ እስኪገባ ብንጠብቅ አይሻልም? እንቆይ ያሉኝ እኮ አንቱ ራስዎ ነዎት።»

«ብሩን ፈልጌው ነው። የአባቴን ጠመንጃ ላስቀይራት ነው።»

«ማስቀየር ማለት?»

«የክላሽ ጥይት እንድትጎርስ ነዋ። የሚችል ሰው አለ አሉኝ። ጠመንጃዋ ደህና ናት፣ የጠፋው ጥይቷ ነው።»

ይቺን የመጨረሻዋን ንግግር ያዙልኝ። ጠመንጃዋ ደህና ናት፣ የጠፋው ጥይቷ ነው። እኔ እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ የአገራችን የመሳሪያ ንግድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲንገላታ የኖረው በዚህችው ነገር ነው።

ስለ ጠመንጃዋ ልንገራችሁ። የጣልያን ናት፣ ካርካኖ የሚሏት ዓይነት። በቤታችን እንደሚባለው ወደ አያቴ እጅ የገባችው በወልቅፊት ነው። ወልቅፊትን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደባርቅ ተነስታችሁ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ከመግባታችሁ በፊት ያለው በር ነው። ጎንደርን የያዘው የጣልያን ጦር የሰሜኑን መንገድ ዘግቶ የመሸገው እዚያ ላይ ነበር። ወራት ተከቦ ቆይቶ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጣልያኑም ቅጥር ወታደሩም ተደምሮ ወደ 3,000 ሰው ተማረከ። ጎንደር ራሷም ከዚያ በኋላ የቆየችው እስከ ኅዳር ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ በዚያ ገደልና ሸለቆ የቀረው መሳሪያ ስንት ቤት እንደገባ አስቡት።

ካርካኖ የምትጎርሰው 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። የክላሽ ጥይት 7.62 ነው። አጎቴ ቤት የቀሩት የ6.5 ጥይቶች አምስት ብቻ ናቸው፣ በጨርቅ ተቋጥረው ሙዳይ ውስጥ የተቀመጡ። መጨረሻ የተተኮሰችው በአያቴ ቀብር ላይ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ቀለሁን ለቅሜ ለብዙ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ።

በደላላ ዓይን ሲታይ የአጎቴ ሐሳብ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። አሮጌ ጠመንጃ የሚረክሰው ብረቱ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ የሚበላው ጥይት ገበያ ላይ ስለሌለ ነው። ጥይቱ እንደልብ የሚገኝለት መሳሪያ ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ ርካሹን ይዘህ አፉን ወደሚገኘው ጥይት ካዞርከው በመሃል ያለው ልዩነት ትርፍህ ነው። ይሄን ስሌት እኛ ቀርተን ትልልቅ መንግሥታት ሠርተውታል። እንዲያውም በአማርኛ ስማቸው የገነነ ሁለት ጠመንጃዎች ከዚሁ ስሌት የወጡ ናቸው።

አንዱ ሰናድር ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. አጤ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምቱ ይዘውት የመጡት። አዲስ ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ። ኤንፊልድ የሚባለው፣ ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ በኩል እየተጠቀጠቀ የሚጎርሰው የድሮ ጠመንጃቸው ነው። ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ ባመጣው ዘዴ ከበስተኋላው ተቆርጦ የሚከፈትና የሚዘጋ ቤት ተገጠመለት፣ የተዘጋጀ ሙሉ ጥይት ከኋላ እንዲጎርስ። መጋዘን ሙሉ ጠመንጃ ጥሎ አዲስ ከማሠራት ይረክሳል ብለው ነው እ.ኤ.አ. በ1866 የተቀበሉት። ከዚያ መቅደላ ሥር አሮጌ ላይ ተኮሱበት (አሮጌ የቦታው ስም ነው፣ በጠመንጃው እየቀለድኩ አይደለም)። በአንድ ከሰዓት በኋላ ከንጉሡ ወገን ወደ 700 ሰው አለቀ። ከእንግሊዝ በኩል የቆሰለው 20 ገደማ ነው፣ ከእነሱም የሞቱት ሁለት። የንጉሡ ሰዎች እርሳስና ባሩድ በአፈሙዝ እየጠቀጠቁ ነበር።

ሁለተኛው ውጅግራ ነው። ስሙ ራሱ «ፉዚል ግራስ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የተጨማደደ ነው፣ የግራስ ጠመንጃ ማለት። ፈረንሳዮች ከዚያ በፊት ሻስፖ የሚሉት ጠመንጃ ነበራቸው፤ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ። በፕሩሲያ ከተሸነፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1874 የናስ ቀለህ ያለው ጥይት የሚጎርሰውን ግራስን አወጡ፤ ብዙ አሮጌ ሻስፖዎችም ለአዲሱ ጥይት ተቀየሩ። ደግሞ 12 ዓመት ቆይቶ ጭስ የሌለው ባሩድ መጣና ለበን የሚባለውን ያዙ። ያኔ ግራስ ለእነሱ የመጋዘን ጣጣ ሆነባቸው። የመጋዘን ጣጣ የት ነው የሚራገፈው? እኛ ጋ ነዋ። በቀይ ባሕርና በጅቡቲ በኩል።

በዚህ ንግድ ውስጥ የእኛ ሙያ ባልደረባ የሆነ አንድ ሰው አለ። አርቱር ራምቦ፣ የፈረንሳዩ ገጣሚ። ቡና ላኪዎች ሐረር ላይ በስሙ የሚጠራውን ቤት ያውቁታል፣ ሰውየው ግን መጀመሪያ የቡና ድርጅት ተቀጣሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ 2,000 ያረጀ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ ደረሰ። ምኒልክ ያን ጊዜ ንጉሠ ሸዋ ናቸው። ዋጋውን አወረዱበት፣ የሞተ ሸሪኩን ዕዳ ሳይቀር አስከፈሉት፣ ተበሳጭቶ ተመለሰ። እኔ ይሄን ታሪክ ሳስበው ራምቦ አያሳዝነኝም፣ ይልቅ በምኒልክ እቀናለሁ። ያረጀ እቃ ይዞ ሩቅ ድረስ የመጣ ሻጭ ይዞት መመለስ እንደማይችል የገባቸው ገዢ ነበሩ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ደግሞ ተመልከቱ። የእኛው የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ በነፍጥ ብዛት የታወቁ ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ እጅ ወደቁ፣ ካሣም እዚያው ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚበላው ባሩድና እርሳስ ነው። ባሩድ በአገር ይቀመማል፣ እርሳስ ቀልጦ ይፈሳል። ጠመንጃው ከውጭ ቢመጣም ምግቡን ቤትህ ማዘጋጀት ትችላለህ ማለት ነው። የናስ ቀለህ ሲመጣ ይሄ ቀረ። ፋብሪካ የሌለው ሰው ጥይት አይሠራም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጠመንጃ የገዛ ሰው አንድ ጊዜ ከፍሎ የተገላገለ መሰለው እንጂ፣ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ወደብ ጋር ዕድሜ ልኩን ነው የተፈራረመው።

ጥይት ገንዘብ የሆነውም በዚያ ምክንያት ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። በምኒልክ ዘመን በብዙ ገበያ ማርትሬዛ ብር ትልቁ ገንዘብ ሲሆን፣ አሞሌ ጨውና የጠመንጃ ጥይት እንደ ዝርዝር ይዞሩ ነበር። እስቲ ለምን እንደሆነ እንደ ነጋዴ አስቡት፦ አንዱ ከአንዱ አይለይም፣ አይነቅዝም፣ ለመሸከም ይመቻል፣ ሁሉም ይፈልገዋል። ጤፍ እንኳን ይሄን ሁሉ አያሟላም። ግን የሚዞረው የትኛውም ጥይት አይደለም፤ በአካባቢው የበዛው ጠመንጃ የሚጎርሰው ነው። ብርቅ ጠመንጃ የያዘ ሰው ጥይቱን ቢመነዝር የሚቀበለው የለም።

አድዋ ላይም ይሄው ነው። ጣልያን በ1888 ዓ.ም. አዲሱን 6.5 ጠመንጃ ካወጣች አምስት ዓመት አልፏት ነበር። ወደ አፍሪካ የላከችው ጦር ግን በብዛት የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን የ10.4 ሚሊ ሜትር አሮጌ ጠመንጃ ነው፣ የጥይቱ ክምችት ስላለ። ጥይቱ ነው ጠመንጃውን የመረጠው። በእኛ በኩል ደግሞ በጉንደትና በጉራ ከግብፅ የተማረከው ረሚንግተን አለ፣ ጣልያን ራሷ በወዳጅነቱ ጊዜ የሰጠችው አለ፣ ውጅግራው አለ። በየዓይነቱ ዝናር የሚያድል በጅሮንድ ምን ያህል ራስ ምታት እንደነበረበት እኔ በአሥር ዓይነት የቡና ደረጃ ስለምታመስ ይገባኛል።

አሁን ወደ አጎቴ ጠመንጃ ልመለስ፤ ምክንያቱም ጣልያኖች እሳቸው የሚያስቡትን ነገር ሁለት ጊዜ ሞክረውታል።

የመጀመሪያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጠመንጃ አነሳቸው። መጋዘን ውስጥ ያ የአድዋው ቬተርሊ በገፍ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ የሰፊውን አፈሙዝ ውስጡን እየቦረቦሩ ጠባብ ቱቦ አስገቡበትና 6.5 እንዲተኩስ አደረጉት። መንግሥት ነው፣ ፋብሪካ አለው፣ መሐንዲስ አለው። ተኮሰም። ግን ቬተርሊ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የ6.5 ጥይት ደግሞ ጭስ በሌለው ባሩድ የተሞላ ነው፣ ግፊቱ በጣም ይበልጣል። ብረቱ ያንን እድሜ ልክ አይችለውም። ስለዚህ ለኋላ ጠባቂና ለዘበኛ ነው በአብዛኛው የሰጡት። ዛሬም በዓለም ላይ የቬተርሊ ሰብሳቢዎች እርስ በርስ የሚመክሩት «አትተኩስበት» ብለው ነው።

ሁለተኛው በ1930 ዓ.ም. ገደማ ነው። 6.5 ትንሽ ነው፣ 7.35 ይሻላል አሉ። አዲስ ጥይት፣ አዲስ አፈሙዝ፣ ሁሉም ተጀመረ። ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ሁለት ዓይነት ጥይት እያመረቱ ሁለት ዓይነት እያከፋፈሉ መዋጋት አልቻሉም፤ ወደ 6.5 ተመለሱ። ፋብሪካ ያለው መንግሥት እንኳን የመሸጋገሪያውን ወጪ አልቻለውም ማለት ነው። የወልቅፊቷ ጠመንጃ 6.5 ሆና የቀረችው በዚያ አገር ነው።

ይሄን ሁሉ ለአጎቴ እንዲህ አላወራሁላቸውም። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ቡና መጣ፣ ከዚያ ወረቀት አወጣሁ። «ሰውየው ስንት አለ?» አልኳቸው። የነገሩኝን ብር በወቅቱ የገብስ ዋጋ ስመታው ከ8ቱ ኩንታል 5ቱን ይበላል።

«ሰውየው ቶርኖ አለው?»

«ቀጥቃጭ ነው። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል።»

«ጋሼ፣ ማረሻ ሲሳሳት ማረሻው ይታጠፋል። ይሄ ሲሳሳት የሚፈነዳው ፊትዎ ላይ ነው።»

ዝም አሉ። እኔም ቀጠልኩ። የጥይቱ ስፋት ብቻ አይደለም የሚለያየው፤ ርዝመቱም፣ የቀለሁ ቅርጽም ይለያያል። ጥይቱ የሚተኛበት ቤት በፀጉር ያህል ቢሰፋ ቀለሁ ይተረተራል፣ እሳቱ ወደ ኋላ ይመጣል። እሱን የሚለካ መሣሪያ ደባርቅ ውስጥ ማንም ጋ አላየሁም። ደግሞ ሕግ አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1177 ጠመንጃ ለመያዝም ለመጠገንም ፈቃድ ይጠየቃል። ያለ ፈቃድ ያስቀየሯት ጠመንጃ ነገ ብትያዝ ገብሱም ጠመንጃዋም አብረው ሄዱ ማለት ነው።

«ጥይቱስ?» አልኳቸው። «ቢሳካስ፣ የክላሽ ጥይት በነጻ ነው እንዴ? የቀረው 3 ኩንታል ተሸጦ ስንት ፍሬ ይገዛል? ዘር ከየት ይመጣል?»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ፣ ምክሩ ከመጽሐፍ የተቀዳ እንዳይመስላችሁ። ዲፕሎማዬን ይዤ ንግድ ስጀምር ያገለገለ የእህል ማበጠሪያ ማሽን በርካሽ ገዛሁ። በጣም ርካሽ ነበር። ወንፊቱ ሲቀደድ ግን የሚገጥምለት ወንፊት አገር ውስጥ የለም። «በአገር ውስጥ ወንፊት እንዲሠራ እናስቀይረዋለን» አለኝ አንድ ባለሙያ። ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ጠጠሩንም ባቄላውንም አንድ ላይ ያወጣ ነበር። አንድ ሙሉ ጭነት ከጎንደር ተመልሶብኛል። ማሽኑ አሁንም መጋዘኔ ጥግ ላይ ቆሟል፣ ድመት ትወልድበታለች። እናንተ ዩኒየን ውስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ ያገለገለ ማሽን ጨረታ ስታወጡ ከማሽኑ ዋጋ በፊት የወንፊቱን አድራሻ ጠይቁ።

ለአጎቴ አንድ ነገር ደግሞ ነገርኳቸው፣ ያስቃቸዋል ብዬ ነው። በቅርብ ዓመታት ከአገራችን መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ካርካኖውም ቬተርሊውም ግራሱም፣ አሜሪካ ደርሰው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለመተኮስ አይደለም፣ ለታሪኩ ነው። አብልጦ የሚከፍለው ደግሞ ላልተነካው ነው፤ አፈሙዙ ተቆርጦ ወይ ተቀይሮ የመጣውን ዋጋውን ይጥለዋል። ያልታጠበውን ቡና ታጥቧል ብለህ ብትልክ እንደሚሆነው። በግል ይላክ ማለቴ አይደለም፣ አይቻልምም። ግን የወልቅፊቷ ጠመንጃ እንዳለች ብትቀመጥ ትልቅ ነገር ናት አልኳቸው።

አልሳቁም።

«አንተ ስለ ዋጋ ነው የምታወራው» አሉኝ። «እኔ ስለ ሌሊት ነው የማወራው።»

እውነታቸውን ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ደርሶ ንጹሃን ሲገደሉ፣ እሳቸው ብዙም ሩቅ አልነበሩም። ከብቶቹን ይዘው ወደ ገደል የወረዱት በዱላ ነው። ከዚያ ወዲህም መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ እናንተም እኔም እናውቀዋለን፤ የጭነት ዋጋ ሰንጠረዣችን ላይ ይታያል። እኔ መንገድ ሲዘጋ የማየው የገብስ ዋጋ እዚህ ሲወድቅና ጎንደር ላይ ሲወጣ ነው። እሳቸው የሚያዩት በራቸውን ነው። እሱን በኩንታል ልመነዝረው ብሞክርም አልሆነልኝም።

ቢሆንም አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ያን ሌሊት ጠመንጃዋ በጥይት ብትሞላ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?»

ረጅም ጊዜ አሰቡ። የስኒውን አተላ እያዩ። «ከብቶቹን ይዤ ገደል እወርድ ነበር» አሉ።

ከዚያ ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ክምሩ ሄዱና ጆንያዎቹን በእጃቸው እየነኩ ቆጠሩ፣ 8 መሆናቸውን እኔ የነገርኳቸውን ያላመኑ ይመስል።

«ዛሬ ስንት ገባ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ሁለቱን ሽጥልኝ። ስድስቱ ይቆይ።»

ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሁለቱን ኩንታል ያንኑ ቀን ከሰዓት አስመዝኜ ብሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው፣ ኮሚሽን አልያዝኩባቸውም። ስድስቱ እስካሁን መጋዘኔ ውስጥ ናቸው።